በአባታችን ሆይ የተለካው ዘይት

ይህ የምጽፈው ነገር ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከተገኘሁ መሪ ከእጄ ይነቀል፣ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ይክዳኝ፣ ዕድሜ ልኬን ተሳፋሪ ሆኜ ከኋላ ወንበር ልቅር። ለሾፌር ከዚህ የከፋ መሐላ የለም። የሚያውቅ ያውቀዋል።

የምጽፍበትም ምክንያት አለኝ። አቶ የሻምበል፣ የሰቆጣው እህል ነጋዴ፣ ሰሞኑን የጭነት መኪና ገዝቷል፤ ሾፌርም ይፈልጋል። ሄጄ ብጠይቀው፣ «ምሳው፣ የጸሐይነሽን መኪና ዘይት የመረጥሁ እኔ ነኝ እያልህ ስታወራ ሰምቼሃለሁ። ግማሹ ሰው እውነት ነው ይላል፣ ግማሹ ይስቃል። በል እንግዲህ በወረቀት ጻፈውና መሪጌታ ገብረ ጻድቅን እማኝ አድርገህ አስፈርመው። የሳቸው ፊርማ ካለበት ቁልፉ ያንተ ነው። ከሌለበት ግን ደግመህ ደጄን እንዳትረግጥ» አለኝ።

እኔ ደስታውን አልቻልሁትም። መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ከአፋቸው ሐሰት ወጥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ሁሉንም ነገር ደግሞ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚህ የተሻለ እማኝ ከወዴት ይመጣል?

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ግን አንባቢ እንዳይቸገር በጥቂቱ ልናገር። ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው፤ ከሰቆጣ እስከ ተከዜ ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ በስሙ የምጠራ ሾፌር ነኝ። የሞተር ድምፅ ሰምቼ ዘይቱ በስንተኛው ወር እንደ ተቀየረ እናገራለሁ። አንድ ጊዜማ ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ የሚመጣ መኪና ገና ሁለት ተራራ ሲቀረው ጆሮዬን ቀስሬ፣ «ሞተሩ ጉንፋን ይዞታል፤ ሾፌሩም ቁርስ አልበላም» አልሁ። መኪናው ሲደርስ ሁለቱም ልክ ሆኖ ተገኘ። አሁን የምነዳው መኪና የለኝም እንጂ ቢኖረኝ ኖሮ መኪናው ይኮራብኝ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ።

ጸሐይነሽ የሰፈራችን ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ፣ የሰው ወለል ስትወለውልና የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ ባለፈው ዓመት ተመለሰች። ያን ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳታስተርፍ አንዲት ነጭ ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዛችበት። መኪናዋ ያገለገለች፣ በዓረብ አገር ዞራ የመጣች ናት። ኮፈኗ ሲከፈት ከውስጥ በኩል በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። መጀመሪያ ሳየው ጌጥ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ለመኪናዋ የተጻፈላት ክታብ መሆኑን በልምዴ ደረስሁበት።

መኪናዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት የሞተር ዘይቷ መቀየር ነበረበት። ይህ ቀላል የሚመስለው ሰው የአገሬን አየር ስለማያውቅ ነው። ሰቆጣ ደጋ ናት። በኅዳር ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ጥላዬ ብርድ ፈርታ ቤት ትቀራለች፤ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲጠና ነው ገበያ ድረስ መጥታ የምታገኘኝ። አበርገሌ ደግሞ ወደ ተከዜ የወረደ ቆላ ነው። እዚያ የሰው ላብ መሬት አይደርስም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ላይ ይመለሳል። ፍየሎቹ ተራ ገብተው አንዷ በሌላዋ ጥላ ሥር ያርፋሉ፤ ተራዋን ያልጠበቀች ፍየል ሽማግሌ ይቀመጥባታል። የጸሐይነሽ መኪና እንግዲህ በአንድ ቀን ከዚህኛው አገር ወደዚያኛው ወርዳ፣ ሰውና ማሽላ ጭና ልትመለስ ነው። ዘይቱ ከወፈረ የሰቆጣ ብርድ ያቆመዋል። ከቀጠነ የአበርገሌ ሙቀት ውሃ ያደርገዋል። ውሃ ከሆነ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ሞተር ይቃጠላል።

ይህን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበርና፣ በገበያው ዋዜማ በይሄይስ ጋራዥ ደጅ ላይ ሰው እንደ ጉድ ተሰበሰበ። ስንት ነበር ብትሉኝ፣ ስቀንሰው አራት ሺህ ይሆናል። ይሄይስ ማለት መካኒክ ነው፤ ቃል የሚቆጥብ፣ ቀኑን ሙሉ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ የሚውል ሰው። እሱም እንደኔው የጸሐይነሽን መኪና መንዳት ይፈልጋል፤ አፉ ግን አይናገረውም።

ሦስት ጄሪካን ተደርድሯል። ቀጭኑ አምስት ሠላሳ ይባላል፣ ወፍራሙ ሃያ ሃምሳ፣ በመካከላቸው ያለው አሥራ አምስት አርባ። የፊተኛው ቁጥር የዘይቱን የብርድ ጠባይ፣ የኋለኛው የሙቀት ጠባዩን ይናገራል። ይህን ለሕዝቡ ያስረዳው ይሄይስ ነው፤ እኔ ግን እሱ ሳይወለድ አውቀው ነበር። በዕድሜ አንድ ዓመት ይበልጠኛል።

ጸሐይነሽ መካከል ላይ ቆመች። ቁልፉን በጣቷ ይዛለች።

«ስሙኝ» አለች። «ይህ ሞተር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቢቃጠል ሌላ ሞተር መግዣ የለኝም፤ ተመልሼ ቤሩት መሄዴ ነው። እኔ ደግሞ አልመለስም። ዘይቱን መርጦ፣ አበርገሌ ድረስ ወርዶ ሞተሬን በደኅና የመለሰልኝ ሰው የመኪናዬ ሾፌር እሱ ነው።»

«ወፍራም!» አልሁ፣ ገና ሳትጨርስ።

«ለምን አያ ምሳው?»

«ወፍራም ሰው ሲደገፉት ይመቻል። ብረትም እንደዚያው ነው።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ይሄይስ ግን እጁን እየጠረገ፣ «ወረቀቱን ብናየውስ?» አለ።

«የቱን ወረቀት?»

«ኮፈኑ ሥር ያለውን። እዚያ ላይ የሚጻፍ ነገር አለ።»

«ክታብ እኮ ነው አንተ! ክታብ ይታሰራል እንጂ ይነበባል? የመኪናዋን ምሥጢር አደባባይ ልታወጣ ነው?»

«ስልክ ላይ እንየው» አለ አንዱ። ሁሉም ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ኔትወርክ የለም። የአራት ሺህ ሰው ስልክ ባንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲዘረጋ ከተማው ለቅጽበት ጨልሞ ዶሮዎች ሊያድሩ ገቡ።

በማግሥቱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የራሴን ምርጫ ለመፈተን ሃያ ሃምሳውን አስገባሁ። ጸሐይነሽ ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች። ገባሁና ቁልፉን አዞርሁ። ዘይቱ በብርዱ ጸንቶ ሞተሩን ቀፍድዶ ይዞታል። ታዲያ ቁልፍ ከዞረ አንድ ነገር መዞር የለበትም? ሞተሩ እምቢ ሲል መኪናዋ ዞረች። ቅዱስ ሚካኤልን፣ ሞተሩ ባለበት ቆሞ መኪናዋ በዙሪያው ትሽከረከር ጀመር! መሪውን እንደ ያዝሁ መናኸሪያውን አየሁ፣ ገበያውን አየሁ፣ ተራራውን አየሁ፣ ደግሞ መናኸሪያውን አየሁ።

«አጥፋው! አጥፋው አልሁህ አያ ምሳው!»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ! አሁን የምትዞረው በገዛ ፈቃዷ ነው!»

ሦስት ጊዜ ዞራ ቆመች። ሌላ ሾፌር ቢሆን ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር፤ እኔ ግን ወርጄ ቀጥ ብዬ ሄድሁ፤ ግድግዳው ነው መጥቶ የገጨኝ።

ጸሐይነሽ ዘይቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አስፈሰሰችው። «ከእንግዲህ ሳይለካ አንዲት ጠብታ ሞተሬ ውስጥ አትገባም» አለች። «ውፍረቱ ይለካ። መለኪያ ያለው ሰው ካለ ያምጣ። ከሌለ መኪናዋ ትቁም።»

የዘይት ውፍረት መለኪያ እንኳን ሰቆጣ፣ የትም ያለ አይመስለኝም ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ይህ ጭንቅላት የሠራው። ማር ትዝ አለኝ።

እቴ ታይቱ የሰቆጣ ማር ዳኛ ናቸው። ማር ከየአገሩ ሲመጣላቸው ቀጭን እንጨት ይነክሩበታል፣ ወደ ላይ ያነሡታል፣ የሚወርደውን ክር እያዩ አባታችን ሆይ ይጀምራሉ። ክሩ ጸሎቱ ሳያልቅ ከተበጠሰ ማሩ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ባለማሩን «ሂድ ልጄ፣ መንገድ ይቅናህ» ይሉታል። እስከ አሜን ከዘለቀ ይገዙታል። የፃግብጂን ማር ከዝቋላው፣ የመስከረሙን ከኅዳሩ የሚለዩት በዚሁ ነው። ማርን የለካ ጸሎት ዘይትን ምን ያቅተዋል?

ሦስቱን ጄሪካን አሸክሜ፣ ሕዝቡን አስከትዬ ደጃቸው ደረስሁ።

«እቴ ታይቱ፣ እንደምን አደሩ። የሚፈርዱልን ነገር ይዘን መጣን።»

«ማር ነው?»

«የመኪና ማር ነው።»

«እንኪያስ ቅመሰውና ልይህ» አሉኝ።

እኔ ሰው ፊት የማፈገፍግ ሰው አይደለሁም። በሦስቱም ጄሪካን ጣቴን ነክሬ ላስሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። እቴ ታይቱም ይህን ሲያዩ በሩን ከፈቱልን።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ ጸሎቱን ማን ይድገመው የሚል ነው። እኔ ብደግም ለወፍራሙ እፈጥናለሁ ብለው ጠረጠሩኝ። ይሄይስ ቢደግም ማንም አይሰማውም። ስለዚህ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ተጠሩ። በዚያው ሰሞን አበርገሌ ያሉ እህታቸውን ሊጠይቁ መኪና ሲፈልጉ ነበርና፣ ጉዳዩ እሳቸውንም ይነካል። ሲመጡ አንድ የአበርገሌ ፍየል ነጋዴ ተነሥቶ ተሟገተ።

«የኔታ፣ በግዕዝ ነው በአማርኛ? በግዕዝ ከሆነ በዜማ ያረዝሙታል፤ ለወፍራሙ ያደላል።»

«ለምን በኽምጠኛ አይሆንም?» አለ ጓደኛው። «መኪናዋ የምትወርደው ወደ እኛ ነው። ዘይቱ የአገሩን ቋንቋ ይልመድ።»

መሪጌታ ጭራቸውን አንዴ ወዝወዝ አድርገው፣ «እግዜር ሁሉንም ይሰማል። ዘይቱ አንዱንም አይሰማም። በአማርኛ እላለሁ፣ ቁጭ በሉ» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቋጨ።

መጀመሪያ ቀጭኑ ተነከረ። መሪጌታ ገና «አባ» ሲሉ ክሩ አልቆ ነበር፤ «ታችን»ን ለባዶ እንጨት አሉት። ቀጥሎ ወፍራሙ ተነሣ። መሪጌታ አንድ ጊዜ ደግመው አሜን አሉ፣ ሁለተኛ ደግመው አሜን አሉ፣ ሦስተኛውን ጨርሰው ደብር ሄዱ፣ ቅዳሴ አስቀድሰው ጸበል ጠጥተው ሲመለሱ ክሩ ገና እየወረደ ነው። በመጨረሻ አሥራ አምስት አርባው ተነሣ። ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ወረደ፣ «አሜን» ሲባል ልክ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ቤቱ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ።

«ቆዩ» አሉ እቴ ታይቱ። «ምኑን አያችሁና ነው እልል የምትሉት? ማር እዚህ ይቆማል፣ አበርገሌ ሲወርድ ይሮጣል። እዚያ ሳትለኩት ምን ለካችሁ?»

እውነታቸውን ነው። ዘይቱን አበርገሌ ወስዶ ለመለካት መኪናዋ መሄድ አለባት። መኪናዋ እንድትሄድ ዘይት መመረጥ አለበት። ዘይት እንዲመረጥ አበርገሌ ወርዶ መለካት አለበት። ሕዝቡ ይህን ነገር እያዞረ ሲያስብ ግማሹ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ጸሐይነሽ ቁልፉን ጨብጣ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ወረቀቱን እኮ...» አለ ይሄይስ።

«ይሄይስ! ሥራ ላይ ነን!»

እኔ ግን ተነሣሁ። «እኛ አበርገሌ መሄድ ካልቻልን አበርገሌን እዚህ እናምጣት» አልሁ።

በእቴ ታይቱ ምድጃ ላይ የሳምንት ማገዶ ከመርሁ። በርና መስኮቱን አስዘጋሁ። መቶ ሃያ ሰው ጋቢ አስለብሼ ትከሻ ለትከሻ አስገባሁ። እሳቱ ሲነድ፣ የሰው ትንፋሽ ሲጨመርበት፣ ቤቱ ቆላ ሆነ። ከዚያም ከቆላ ወዲያ አለፈ። ደጅ የታሰሩት የአበርገሌ ፍየሎች ሙቀቱ በግድግዳው በኩል ሲደርሳቸው አገራቸው የገቡ መስሏቸው ተራ ይዘው አንዷ በሌላዋ ጥላ ሥር መተኛት ጀመሩ። ያን ጊዜ አወቅሁ፤ አበርገሌ ደርሰናል።

«ይጀምሩ የኔታ!»

መሪጌታ ጥምጣማቸውን ፈትተው ላባቸውን ጨምቀው ጀመሩ። ቀጭኑን ዘይት ለማንሣት እንጨቱን ስንሰድ ዕቃው ውስጥ ዘይት የለም። ተኗል። ኋላ ተከዜ ዳር ሲሄድ አየነው ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ያላየሁትን አልጽፍም። ወፍራሙ በሙቀቱ ልቡ ተሰብሮ እንደ ሰው መውረድ ጀመረ፤ ከአሜን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። አሥራ አምስት አርባው ግን፣ እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ መሪጌታ «አሜን» ሲሉ ልክ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ብርዱንም ሙቀቱንም አላወቀው። እቴ ታይቱ እንጨቱን አስቀምጠው፣ «ማር ቢሆን እገዛው ነበር» አሉ።

ጸሐይነሽ ብድግ አለች። «አሥራ አምስት አርባ!»

እንግዲህ አንዳንድ ሰው፣ «ምሳው መጀመሪያ ወፍራም ብሎ አልነበር?» ይላል። ወፍራም ያልሁት፣ መካከለኛ ከሆኑት ውስጥ ወፍራሙን ማለቴ ነው። ይህን መረዳት ካቃተው ሰው ጋር አልከራከርም።

ዘይቱን በራሴ እጅ ጨመርሁ። በማግሥቱ ረፋድ ጉዞ ሆነ። መሪውን እኔ ያዝሁ፤ ጸሐይነሽ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ከኋላ ወንበር መሪጌታና ይሄይስ። የጭነት ክፍቱ ላይ ለማሽላው የሚሆን ባዶ ጆንያ ጭነናል። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ጠፋ። ጸሐይነሽ፣ «ጠፋ እንዴ?» አለች። «አልጠፋም፤ ደስ ብሎት ነው» አልኋት።

ከደጋው ጫፍ ቁልቁለቱ ሲጀምር መንገዱ እንደ ተጣለ ገመድ ተጠቅልሎ ይታያል። ከታች ገደሉ አፉን ከፍቷል። ሌላ ሾፌር መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ይወስዳቸዋል። እኔ ሰባቱን ባንድ ጊዜ ወሰድኋቸው። የመኪናዋ ግንባር ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ጅራቷ ገና አንደኛው ላይ ነበር፤ በመስኮት ወጣ ብዬ የራሴን የኋላ ታርጋ አነበብሁ። ይሄይስ ይህን ሲያይ ፊቱ አመድ ለበሰ፤ የመሪጌታን እጅ ለቀም አድርጎ ይዞ እስከ ታች አልለቀቀም። አልፈርድበትም። መካኒክ መኪና የሚያውቀው ቆሞ ነው።

መሪጌታ ግን ያን ሁሉ ቁልቁለት አባታችን ሆይን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙ ነበር። ዘይቱን እየለኩልኝ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት በየአሜኑ አንድ ዙር ይዞራል፤ ጸሎቱ ሳይዛባ ከሄደ ዘይቱ ደኅና ነው። እኔም ጆሮዬን ወደ ኋላ አድርጌ፣ አሜን ሲባል ማርሽ እቀይራለሁ። እንዲህ ያለ ቅንጅት ነበር።

የአበርገሌ ከተማ ኒሯቅ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ኮፈኑን ከፈትሁ። እጄን ሞተሩ ላይ አኖርሁ፤ ቀዝቃዛ ነው! የአገሩ ሰው ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ ሙቀት የጠናበት ሽማግሌ ሁሉ ጀርባውን ሞተሩ ላይ እያስደገፈ እፎይ አለ። አንዲት እናት ወተቷ እንዳይበላሽባት ኮፈኑ ሥር አስቀምጣ ማታ ወሰደችው።

ጸሐይነሽ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘች። በገዛ ሻሿ ጠረገችው፣ መልሳ ከተተችው፣ ደግማ መዘዘችው። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፤ መልኩም አልጠቆረም። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገች። ከዚያ ጎማው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሻሿን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «ደኅና ነው» አለች። ለማን እንደምትናገር እንጃ። «ዘጠኙም ደኅና ነው።» እዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ማሽላውን ጭነን ሰቆጣ ስንመለስ ቁልፉን በሕዝብ ፊት ዘረጋችልኝ። «አያ ምሳው፣ ያንተ ነው» አለች። እኔ ግን የይሄይስን ዓይን አየሁ። አምስት ልጆች አሉት። ቁልፉን ተቀብዬ ሳምሁና ለሱ ሰጠሁት። «እንካ፣ ልጆችህን አሳድግበት። እኔን መኪና አያጣኝም» አልሁት። እስከ ዛሬ የጸሐይነሽን መኪና የሚነዳው ይሄይስ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ሲወራ የሰማ ካለ ወሬ ነውና ይተወው።

ይህን ሁሉ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ዛሬ ጠዋት መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ቅኔ ቤቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ስለ አቶ የሻምበል ቁልፍ አስረድቼ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። መኪናዋ የዞረችበት ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ፍየሎቹ የተኙበት ላይ ራሴ ሳቅሁ። እሳቸው አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ብዕሩን አቀበልኋቸው። ተቀብለው በጣታቸው መካከል ያዙት እንጂ አልጻፉም።

«ምሳው ልጄ።»

«አቤት የኔታ።»

«ታይቱ እኮ ዘይት ከደጇ አላስገባችም። ማሬን ታሸቱብኛላችሁ ብላ ከበር መልሳሃለች።»

ወረቀቱን ወደሳቸው ጠጋ አደረግሁት።

«የኮፈኑን ወረቀት ጸሐይነሽ ራሷ አነበበችው። ቤሩት ሳለች የዓረብኛውን ቁጥር ለምዳዋለች። አሥራ አምስት አርባ ይላል አለች፤ ይሄይስ ቀየረው። እኔ ጫማዬን አስሬ ሳልጨርስ አለቀ።» ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «መሪውን የያዘውም እሱ ነው። አንተ ከኋላ ከኔ ጎን ነበርህ።»

«ጸሎቱስ የኔታ?» አልሁ። «ጸሎቱንም አልደገምሁም ሊሉ ነው?»

«ጸሎቱ እውነት ነው» አሉ፤ ብዕሩን ቀስ አድርገው ወረቀቱ ላይ አጋደሙት። «ቁልቁለቱ ላይ እጄን ይዘህ፣ ከፍ አድርገው ይበሉልኝ ስላልኸኝ ነው። ሦስት ጊዜ ደገምሁልህ። ሦስቱንም ጊዜ እኔ መካከሉ ላይ ሳልደርስ አንተ አሜን ብለሃል።»